የእመቤቲቱ መቀመጫ

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት መታወቂያ የሰጡት ሰዎችና ልጁ ብቻ ናቸው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ከተማው በሙሉ ጋሼ ታሪኩ እያለ ነው የሚጠራው። ስሙ ታሪኩ ሆኖ አይደለም፤ አፉን በከፈተ ቁጥር «የዚህ ግንብ ታሪኩ…» ብሎ ስለሚጀምር ነው። ዳቦ ለመግዛት ተራ ሲጠብቅ፣ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ አንገቱን ሰጥቶ ሲቀመጥ፣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ ምስኪን ባገኘ ጊዜ ሁሉ ያወራል። ዳቦ ሻጯ ገና ከሩቅ ስታየው «መጡ ጋሼ ታሪኩ! ዛሬ ደግሞ ግንቡን ማን ሊወጋው ነው?» ትላለች። እሱም ቀልዷን እንደ ግብዣ ቆጥሮ ይጀምራል።

ግንቡ ከከተማው በላይ፣ ወንዙ የሚታጠፍበት ኮረብታ ላይ ነው የቆመው። በትክክል ለመናገር ግማሹ ቆሟል፣ ግማሹ ተኝቷል። በጥንት ዘመን ያሠራው አንድ ጌታ ነበር፤ መሻገሪያውን ይዞ ከነጋዴው ሁሉ ቀረጥ ሊቀበል። ቀረጡ ያንገሸገሻቸው ሰዎች ተሰብስበው መጡና ከበቡት፣ አቃጠሉት፣ ጣራውም ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ያፈረሰው ጠላት ሳይሆን ጎረቤት ነው። ቤት የሚሠራ ሁሉ ጋሪውን እየጎተተ ወጥቶ የተጠረበ ድንጋይ ጭኖ ይወርድ ነበር። የፖስታ ቤቱ ደጃፍ ሳይቀር ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ የከተማው ሰው ሊጎበኝ ሲመጣ ጋሼ ታሪኩ በሩ ላይ ቆሞ «እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ድንጋያችንን ይዛችሁ መጣችሁ?» ይላል። ይህችን ቀልድ ዕድሜ ልኩን ተናግሯታል፤ ሁልጊዜም ከሁሉ ቀድሞ የሚስቀው እሱ ራሱ ነው።

ሥራውን ያስተማረው ከእሱ በፊት የነበረው ሽማግሌ ዘበኛ ነው። ሽማግሌው ቃል ሲያወጣ ከገዛ ኪሱ የሚከፍል የሚመስለው ሰው ነበር። ቁልፎቹን እያንሿሿ «ይሄ በር ነው። ይሄ የውሃ ጉድጓድ ነው። ይሄ ማድ ቤት ነበር» እያለ አዞረው። ላይኛው ፎቅ ላይ ከግድግዳው ወደ ውጭ ወጣ ብላ ገደሉ ላይ የተንጠለጠለች ጠባብ ክፍል አለች። አንድ ሰው ብቻ ታስቀምጣለች፤ መሃሉ የተበሳ የድንጋይ አግዳሚና እጅ የማያሾልክ መስኮት አላት። ሽማግሌው እዚያ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቺ ደግሞ የእመቤቲቱ መቀመጫ ናት» አለና ፊቱን አዙሮ ደረጃውን ወረደ።

መቀመጫ የሚባለው ቃል እንግዲህ ምን ምን ሊሆን እንደሚችል ቋንቋውን የሚናገር ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌው ነውር እንዳይሆንበት ሸፈን አድርጎ ተናገረ። ወጣቱ አስጎብኚ ግን ልቡ ፍቅር ፍቅር የሚልበት ዘመን ላይ ስለነበር ቃሉን እንዳለ ተቀበለና ሙሉ ታሪክ ፈተለለት። እንደሱ አባባል ጌታው ወንዙን ተሻግሮ ዘመተ። እመቤቲቱ እዚህች ክፍል ተቀምጣ በመስኮቷ መንገዱን ታይ ጀመር። ክረምትና በጋ ተፈራረቁ፤ ባሏ አልመጣም። ያቺ አግዳሚ የተበሳችው ከመቀመጧ ብዛት ነው። እንባዋ በዚህ ቀዳዳ ወደ ገደሉ ይወርድ ነበር፤ ከውጭ ግድግዳው ላይ ቁልቁል የሚታየው ጥቁር መስመርም የእንባዋ ዱካ ነው።

ሰው ያለቅስ ነበር። ቀልድ አይደለም፤ ትልልቅ ሰዎች፣ ጢማም ወንዶች ሳይቀሩ መሐረብ ያወጡ ነበር። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የእንባዋ ዱካ» የምትለዋን ቃል በስተመጨረሻ ላይ ጣል ያደርጋታል። ይህን የሚያህል ስጦታ ያለው ሰው ምን ጎደለው?

ሚስቱንም ያገኘው እዚያው ነው። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ከስፌት ቤት ጓደኞቿ ጋር ለሽርሽር መጣች። ከኋላ ቆማ ስትሰማው «የእንባዋ ዱካ» ሲል ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አስጎብኚው ሰዉን እየገፋ ሄዶ መሐረቡን ሰጣት። በሳምንቱ መሐረቡን አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ልትመልስለት ብቻዋን ኮረብታውን ወጣች። ከዚያ በኋላ ያለው የሁለቱ ጉዳይ ነው፤ ተጋቡ፣ ሴት ልጅ ወለዱ፣ ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ኖሩ። ማታ ከሥራ ሲገባ የስፌት መኪናዋ ላይ እንዳጎነበሰች «ዛሬስ ስንቱን አስለቀስከው?» ትለዋለች። እሱም ጃኬቱን እያወለቀ በኩራት ይዘረዝርላታል።

ሚስቱ ሞተች። ልጅቷ ቀደም ብላ ሌላ ከተማ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ ይዛ ሄዳለች። የስፌት መኪናዋ በአበባ ጨርቅ ተሸፍኖ መስኮቱ ሥር ቀረ። ጋሼ ታሪኩ ጠዋት ሲወጣ ሬዲዮኑን ሳይዘጋ መሄድ ጀመረ፤ ሲመለስ ቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲኖር። የገበያ ዋጋም ይሁን የእግር ኳስ ውጤት ግድ የለውም፣ በሩን ሲከፍት አንድ ሰው እያወራ ከሆነ በቂው ነው። ልጁ እሑድ እሑድ ትደውላለች። «በልተሃል አባዬ? መድኃኒትህን ወስደሃል? ደረጃው ላይ ተጠንቀቅ» ብላ በሦስት ትንፋሽ ትጨርሳለች፤ የምትጠላው ሆና አይደለም፣ ከኋላዋ ሁልጊዜ የሚጮህ ነገር አለ። ከዚያ ወዲያ ሳምንቱን ሙሉ የሚያወራው ከጎብኚ ጋር ብቻ ነው። የሚወደው የእመቤቲቱ ክፍል በር ላይ የሚቆምባትን ሰዓት ነው። እዚያ ሲቆም ሚስቱ አሁንም ከኋላ በኩል፣ ከሰዉ መሃል ያለች ይመስለዋል።

ከዚያ እድሳቱ መጣ።

ግንቡ ለጎብኚ ተዘጋ። ብረት በብረት ሆነ፤ ከሥር እስከ ጫፍ መወጣጫ ተደረደረበት። ጋሼ ታሪኩን በር ጠባቂ አደረጉትና ወንበር ሰጡት። ግንበኞቹ ድሮ በግብር ይውጣ የተለሰነውን ሲሚንቶ በመሮ እየፈለፈሉ አወጡ፤ ሲሚንቶ ድንጋዩን አያስተነፍሰውም አሉ። በምትኩ ከጉድጓድ እያወጡ፣ እንደ እርጎ የረጋ ኖራ ይጠቀሙ ጀመር። አዲስ ድንጋይ ባሮጌው ላይ ሲያስቀምጡ በመሃል ቀጭን የቀይ ሸክላ መስመር ይዘረጋሉ። «ከዚህ በታች የጥንቱ ነው፤ ከዚህ በላይ የእኛ። ማንም እንዳይሳሳት» አለችው ሥራውን የምትመራው ኢንጂነር። ወጣት ናት፤ ጫማዋ ሁልጊዜ ኖራ፣ ፀጉሯ ሁልጊዜ አቧራ ነው። ሰው ታከብራለች፤ ሻይ ሲጠጡ ለእሱ ሳይቀዳ የራሷን አታነሳም። ክፉ ብትሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ በቀለለለት።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሠራተኞቹ ከጠባቧ ክፍል ሥር፣ ገደሉ ግርጌ መቆፈር ጀመሩ። ጥቁር አፈር በወንፊት ነፉ። የፍራፍሬ ዘር ወጣ፣ የዓሣ አጥንት ወጣ፣ የተሰበረ ማበጠሪያ፣ ከአጥንት የተሠራ ዳማ መጫወቻ ወጣ። ኢንጂነሯ በደስታ ልትሞት ደረሰች። መዳፏ ላይ ጥቃቅን ዘር ይዛ ወደ ወንበሩ እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ፣ የበሉትን ሁሉ አገኘነው እኮ! ከነዘሩ!»

«ወጥ ቤቱ በዚያ በኩል ነው፣ ልጄ» አላት።

«የወጥ ቤት አይደለም። ከላይ ነው የወረደው።» ጣቷን ወደ ጠባቧ ክፍል ቀሰረች። «ሽንት ቤታቸው ነች። ቀዳዳው፣ መስኮቷ፣ ያ ጥቁር መስመር… እንዲህ ደህና ሆኖ የቆየ ብዙ አይገኝም!»

ጋሼ ታሪኩ ክው አለ። ፊቷን አየ፣ እየቀለደች አልነበረም። ጥቁሩን መስመር አየ፤ መስመሩ እንዳለ ነው፣ የተቀየረ ነገር የለውም፤ ግን አሁን ምን እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው ይታየው ጀመር። ዘወር ብሎ መነጽሩን ጠረገ።

እድሳቱ ሊያልቅ ሲል ኢንጂነሯ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ግንቡ ሲከፈት ጎብኚው ጆሮው ላይ በሚያደርገው ማዳመጫ እየሰማ እንዲዞር የሚፈልጉ አለቆች አሉ አለችው። እሷ ግን ሰው ይሻላል ብላ ተሟግታለታለች። «እርስዎ እንዲመለሱ ነው የምፈልገው፣ ጋሼ። ብቻ… እዚያች ክፍል ላይ የተገኘውን መናገር አለብዎት። ግድግዳው ላይ ሽንት ቤት ተብሎ ተጽፎ እርስዎ እንባ ካሉ ሰው ማንን ይመን? የማይሆንልዎት ከሆነ ግን አይጨነቁ፤ ማዳመጫው ይሠራል።»

«ላስብበት» አላት። የሚያስበው ግን ሌላ ነበር። እንቢ ካለ በሩ ላይ እንኳ ወንበር የለውም፤ የቀረ ዕድሜውን ከሬዲዮን ጋር ሊያወራ ነው። እሺ ካለ ደግሞ ሚስቱ ያለቀሰችበትን፣ ትዳሩ የቆመበትን ታሪክ በገዛ አፉ ሽንት ቤት ሊከት ነው። 

እሑድ ልጁ ስትደውል ስለ መድኃኒቱ ገና ሳትጠይቀው ጀመረ። «እንቢ ልላት ነው። ይቅርብኝ። እናትሽ እንባዋን ያፈሰሰችበትን ቦታ ሽንት ቤት ነው ብዬ ለሰው አላሳይም!»

ከወዲያ በኩል የሚጮኸው ነገር ጠፋ፤ በር ዘግታ ወደ ሌላ ክፍል ገብታለች መሰል።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ብነግርህ አትቀየመኝም?»

«ምን?»

«እማዬ ታውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ክፍሏ ምን እንደሆነች። አያቴ የቧንቧ ሠራተኛ እንደነበር ረሳኸው እንዴ? የመሣሪያ ሳጥኑን ተሸክማ ስትከተለው አይደል ያደገችው? ቀዳዳውንና ግድግዳውን አየት እንዳደረገች ወዲያው ገባት። አንተ ደግሞ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ…»

«አልቅሳለች እኮ! በዓይኔ ነው ያየሁት! መሐረቤን የሰጠኋት እኔ!»

«አላለቀሰችም፣ አባዬ። ሳቋን አፍና ነው እንባዋ የመጣው። ሆስፒታል በተኛችበት ጊዜ ነው የነገረችኝ፤ አደራ እንዳትነግሪው፣ ቅስሙ ይሰበራል ብላ። እኔም አልነግርህም ነበር። ለእሷ ብለህ ሥራህን ልትተው ነው ብዬ ፈራሁ።»

«ደህና ዋይ» አላትና ስልኩን አስቀመጠ።

መጀመሪያ የመጣበት ንዴት ነው። የአበባውን ጨርቅ እያየ «ዕድሜ ልኬን ሞኝ አድርገሽኝ!» አለ ጮክ ብሎ። ሬዲዮኑ ስለ አየር ሁኔታ ይናገራል። ከሞተ ሰው ጋር መጣላት ክፉ ነገር ነው፤ ወይ አትመልስልህ፣ ወይ ይቅርታ አትልህ፣ ወይ በሩን ወርውራ አትወጣ። ተነስቶ ቤቱን ዞረ። ከመኝታ ክፍሉ እስከ መስኮቱ ለመናደጃ የሚበቃ ቦታ እንኳ አልነበረም።

ቀስ በቀስ ግን ሌላ ነገር መጣበት። «ዛሬስ ስንቱን አስለቀስከው?» ትለው ነበር፤ ያን ስትል ሁልጊዜ ጎንበስ ብላ ክር በጥርሷ ትቆርጥ ነበር፣ ፊቷን አይቶት አያውቅም። ከዚያ ደግሞ ጠባቸውን አስታወሰ። እንደ ሰው ሁሉ ተጣልተዋል፤ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ዘመድ፣ በረባው ባልረባው። አንድ ጊዜ ለብዙ ቀናት ሳይነጋገሩ ከርመዋል። እሱ በንዴት ያልተናገራት ነገር የለም፤ የአባቷን ሥራ ሳይቀር አንስቶ ሰድቧል። እሷ እኮ በአንዲት ቃል ከመሬት ልትደባልቀው ትችል ነበር። አፏ ላይ ይዛዋለች። ያን ሁሉ ዘመን፣ በዚያ ሁሉ ጠብ መሃል፣ አላወጣችውም።

የአበባውን ጨርቅ ገለጥ አድርጎ የመኪናውን ብረት በእጁ ነካው። ናፈቀችው። እስካሁን ይናፍቃት የነበረው ያለቀሰችው ሴት ነበረች፤ ለካ እንዲያ ያለች ሴት ኖራ አታውቅም። አሁን የናፈቀችው የሳቀችው ናት፤ ያቺን ደግሞ ገና ዛሬ ነው የተዋወቃት። ያን የዋጠችውን ሳቅ አንድ ጊዜ ብቻ መስማት ፈለገ።

በማግስቱ ጠዋት ኢንጂነሯን መወጣጫው ሥር አገኛት። «እናገራለሁ» አላት። «ግን በራሴ መንገድ ነው። አንቺ የጻፍሽውን አላነብም።»

«እንዳሻዎ፣ ጋሼ» አለችው፤ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም።

ግንቡ የተከፈተ ዕለት ሰው ከደጃፉ እስከ መንገዱ ተሰለፈ። ዳቦ ሻጯ ሳትቀር ሱቋን ዘግታ መጥታለች። ጋሼ ታሪኩ ጃኬቱን ተኩሶ ለብሷል። ማዳመጫ የፈለገ ማዳመጫ ወሰደ፤ የቀሩት እሱን ተከተሉ። የድንጋይ ሌቦቹን ቀልድ ተናገረ፣ እንደ ልማዱ ቀድሞ ሳቀ። ስለ ከበባው፣ ስለ ቃጠሎው፣ ስለ ቀዩ የሸክላ መስመር ነገራቸው። ደረጃውን ወጡ። ጠባቧ ክፍል በር ላይ ሲደርስ ቆመ። አግዳሚዋ ታጥባ ነጥታለች፤ ቀዳዳዋ ላይ መስታወት ተገጥሟል፣ ከሥር መብራት አለ።  ኢንጂነሯ ከኋላ ቆማ ጥፍሯን ትነክሳለች።

«እዚህች ክፍል ውስጥ» አለ፣ ድምፁን እንደ ድሮው ዝቅ አድርጎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እመቤቲቱ ትቀመጥ ነበር። ብዙ ሰዓት ትቀመጥ ነበር። ባሏን እየጠበቀች ነው ይባል ነበር፤ ከጦር ሜዳ እስኪመለስ።»  አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች። «ባሏን መጠበቋስ እውነት ነው፤ አልዋሸንም። ግን እዚህ ውስጥ ተቀምጣ አይደለም የምትጠብቀው፤ እዚያ በሩ ላይ ቆማ ነው። እሱ ቀድሟት ገብቶ፣ ከውስጥ ቆልፎባት!»

ለአንድ አፍታ ማንም አልገባውም። ከዚያ ዳቦ ሻጯ ወደ መስታወቱ ጎንበስ አለች፣ ቀዳዳውን አየች፣ «ውይ!» ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ሳቁ ከእሷ ተነስቶ ደረጃውን እስከ ታች ወረደ። የማይተዋወቁ ሰዎች ትከሻ ተያያዙ። ማዳመጫ ያደረጉት ምን ተፈጠረ ብለው ከጆሯቸው አወለቁ። «እና ያ ጥቁር መስመር ምንድን ነው?» አለ አንዱ። «እንባ ነው ይሉ ነበር» አለ ጋሼ ታሪኩ፤ ዳግመኛ ፈነዱ። ኢንጂነሯ ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋን ትጠርጋለች።

እሱ ግን ሳይወድ በግዱ በሰዉ መሃል፣ ከኋላ በኩል ይፈልግ ነበር። ወፍራም ሳቅ አለ፣ ቀጭን ሳቅ አለ፣ የሚያስነጥስ የሚመስል ሳቅ አለ። የእሷ የለም። ከየት ይመጣል? ሲስቁ ቆሞ ጠበቃቸው፤ ከዚያ «በዚህ በኩል» አለና ወደሚቀጥለው ክፍል ወሰዳቸው።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ገባ። ሬዲዮኑ እያወራ ነበር፣ ዘጋው። ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀመጠና ልጁ ጋ ደወለ። እሑድ አልነበረም፤ እሱም ደውሎላት አያውቅም፣ የምትደውለው እሷ ናት።

«አባዬ! ምን ሆንክ?» አለች በድንጋጤ።

«ምንም አልሆንኩ። ላጫውትሽ ነው።»

አጫወታት። ደረቱ ላይ ስላደረገው እጅ፣ ከንፈሯን ስለመጠጠችው ሴት፣ ስለተቆለፈው በር። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ምን እንደምትል ጠበቀ።

ልጁ ሳቀች። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፣ ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ከሆዷ ተንደቅድቆ ወጣ፣ ወጣና ትንፋሽ አጠራት፣ «ወይኔ አባዬ፣ ወይኔ!» እያለች እንደገና ጀመራት። የእናቷ ሳቅ ነበር፤ ቁርጥ የእናቷ። ይህን ያህል ዘመን ልጁ ውስጥ ኖሮ፣ እሱ በየሳምንቱ ስለ መድኃኒት ሲመልስላት ኖሯል።  ቀጥዪ ሊላት ፈለገ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም።

«አባዬ?» አለች ሳቋ ሲበርድላት። «ሄሎ? አባዬ ትሰማኛለህ? ሄሎ? ኤጭ፣ ይሄ ኔትወርክ!»

«አለሁ» አለ ጋሼ ታሪኩ። «አለሁ፤ ሳቂ።»

መስመሩ ግን ተዘግቶ ነበር።